ገጽ 1 ላይ ያየሁት ገጽ 2 ላይም ይመጣል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፣ ፔጅኔሽን። ረጅም ዝርዝርን ገጽ በገጽ ከፋፍሎ ማሳየት ማለት ነው። ከጃንጎም ከፍላስክም ከፋስትኤፒአይም ተጠቃሚዎች ነው የመጡት (ሶስቱም በፓይተን ሳይት መስሪያ ፍሬምወርኮች ናቸው)፣ ግን ፍሬምወርኩ ይለያይ እንጂ ችግሩ አንድ ስለሆነ እዚሁ አንድ ላይ ልመልሳቸው ብያለሁ። የኮድ ስሞቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፣ ኤዲተራችሁ ላይ ያው በላቲን ነው የምታስገቧቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጃንጎ መማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም፣ ጽሁፎች የሚለጠፉበት ትንሽ ሳይት ሰርቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ፈጣን ነበር፣ አሁን ግን ጽሁፎቹ ሲበዙ ዋናው ገጽ እስኪከፈት ራሱ ያስጠብቃል። ፔጅኔሽን ጨምርበት አሉኝ፣ ቪዲዮ ሳይ ደግሞ አንዱ በጃቫስክሪፕት ነው የሚሰራው ሌላው በፓይተን፣ ግራ ገባኝ። የቱን ልከተል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ችግርህ የገጹ መክበድ ከሆነ በፓይተኑ ነው መሄድ ያለብህ። የጃቫስክሪፕቱ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ምን መሰለህ፣ ሰርቨሩ ሁሉንም ጽሁፍ ይልካል፣ ብሮውዘሩ ሃያውን አሳይቶ የቀረውን ይደብቀዋል። ለዓይን ገጽ ገጽ ሆኗል፣ ዳታቤዙ ግን ሁሉንም አውጥቷል ኔትወርኩም ሁሉንም ተሸክሟል። ለመቶ ለሁለት መቶ ረድፍ ምንም አይልም፣ ያንተ አይነቱ ላይ ግን ያቀለልከው ነገር የለም።

ጃንጎ ላይ ደግሞ ስራው በጣም ትንሽ ነው። ሊስትቪው (ዝርዝር የሚያሳየውን የጃንጎ ዝግጁ ክላስ) የምትጠቀም ከሆነ ክላሱ ውስጥ «ፔጂኔት_ባይ = 20» ብለህ አንድ መስመር ትጨምራለህ በቃ። ከዛ ቴምፕሌትህ (የገጹ ኤችቲኤምኤል) ውስጥ «ፔጅ_ኦብጅ» የሚባል ነገር ይመጣልሃል፣ እሱ አሁን ያለህበት ገጽ ነው። ቀጣይ ገጽ አለ ወይ ብለህ በ«ሃዝ_ኔክስት» ትጠይቀዋለህ፣ ቁጥሩን በ«ኔክስት_ፔጅ_ነምበር» ትወስዳለህ፣ ወደኋላም እንደዛው «ሃዝ_ፕሪቪየስ» እና «ፕሪቪየስ_ፔጅ_ነምበር» አሉ። ቀጣይ ገጽ ሳይኖር ቁጥሩን ከጠየቅከው ኤረር ስለሚወረውር ሁሌም በ«ኢፍ» ከልለው።

ቪውህ (ጥያቄ ተቀብሎ ገጹን የሚመልሰው ኮድ) ተራ ፈንክሽን ከሆነ «ፔጅኔተር» የሚለውን ክላስ ከ«ጃንጎ.ኮር.ፔጅኔተር» አምጥተህ ኩዌሪሴቱን (ከዳታቤዝ የምትጠይቀውን ዝርዝር) እና 20ን ትሰጠዋለህ። ከሱ ገጽ የምታወጣበት ሁለት መንገድ አለ፣ «ፔጅ» እና «ጌት_ፔጅ»። ልዩነታቸውን ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው የሚያልፈው። «ፔጅ» ጥብቅ ነው፣ ቁጥር ያልሆነ ነገር ወይም የሌለ ገጽ ከሰጠኸው ኤረር ይጥላል። «ጌት_ፔጅ» ደግሞ ቻይ ነው፣ ቁጥር ካልሆነ የመጀመሪያውን ገጽ፣ ከልክ ያለፈ ከሆነ የመጨረሻውን ይሰጥሃል። ሊስትቪው በበኩሉ የሌለ ገጽ ሲጠየቅ 404 («ገጹ የለም» የሚለውን ኤረር) ነው የሚመልሰው። እኔ ለህዝብ ክፍት ለሆነ ሳይት 404ቱን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም በ«ጌት_ፔጅ» ገጽ 900 ብሎ የገባም ገጽ 9000 ብሎ የገባም ያንኑ የመጨረሻ ገጽ ነው የሚያየው፣ ሰርች ኢንጂን ደግሞ ይሄን ሲያይ አንድ አይነት ይዘት ያላቸው ብዙ አድራሻዎች ናቸው ብሎ ነው የሚቆጥረው። ለውስጥ ስራ ለአድሚን ምናምን ግን «ጌት_ፔጅ» ምቹ ነው።

አሁን ዋናውን ጥንቃቄ ልንገርህ። ኩዌሪሴት ሰነፍ ነው፣ ማለትም እስክትነካው ድረስ ዳታቤዝ ጋ አይሄድም። ፔጅኔተሩም በዚህ ነው የሚጠቀመው፣ አንድ ጊዜ ጠቅላላ ብዛቱን ያስቆጥራል፣ ከዛ በሊሚት (ስንት ልውሰድ) እና በኦፍሴት (ስንት ልዝለል) ሃያዋን ብቻ ያወጣል። አንተ ግን ለፔጅኔተሩ ከመስጠትህ በፊት «ሊስት» ውስጥ ከከተትከው ወይም በ«ፎር» ከዞርክበት ሁሉም ረድፍ ሚሞሪ ላይ ወጣ ማለት ነው፣ ፔጅኔሽኑ ከዛ በኋላ የሚቆርጠው ፓይተን ውስጥ ያለ ዝርዝር ነው። ስክሪኑ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ለዛ ነው አደገኛ የሆነው። ደግሞ እያንዳንዱ ጽሁፍ ላይ የጸሐፊውን ስም የምታሳይ ከሆነ «ሰሌክት_ሪሌትድ» ጨምር፣ ጸሐፊውን ከጽሁፉ ጋር አብሮ ያመጣልሃል፣ አለዚያ ሃያ ጽሁፍ ለማሳየት ሃያ ተጨማሪ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ይሄዳል፣ ያኔ ፔጅኔሽን ጨምሬ ለምን አልፈጠነም ትላለህ።

ገጾቹ ሲበዙ የቁጥሮቹ ሰልፍ ራሱ ያስቀይማል። ለዛ ከጃንጎ 3.2 ጀምሮ «ጌት_ኢላይድድ_ፔጅ_ሬንጅ» አለልህ፣ መሃሉን በነጠብጣብ አሳጥሮ ዳርና ዳሩን ከአሁኑ ገጽ ጎረቤቶች ጋር ያወጣልሃል፣ በራስህ ሂሳብ እየሰራህ አትድከም።

ጥያቄ፦ ፍላስክና ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ነው የምጠቀመው። አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፣ ገጽ 1 መጨረሻ አካባቢ ያየሁት ማስታወቂያ ገጽ 2 ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የትም ገጽ ላይ የሉም፣ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቼ ስፈልጋቸው ግን አሉ! በወጣበት ቀን ኦርደር አድርጌዋለሁ። ሎካል (የራሴ ኮምፒውተር) ላይ በኤስኪውላይት ዳታቤዝ ስሰራ አንድም ቀን አልገጠመኝም። የፍላስክ ባግ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፣ ፍላስክ እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ይሄን ጥያቄ በመላክህ ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም የፔጅኔሽን ስሩ እዚህ ነው ያለው፣ ባተኑ ማስጌጫ ነው። ገጽ ቁጥር ብቻውን ምንም ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚኖረው ዝርዝሩ አንድና አንድ ብቻ የሆነ ቅደም ተከተል ካለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጽ 1 እና ገጽ 2 ሁለት የተለያዩ ኩዌሪዎች ናቸው። ዳታቤዙ ቅድም ምን እንደሰጠህ አያስታውስም፣ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ከዜሮ ተነስቶ ይደረድርና ሃያ ዘልሎ ሃያ ይሰጥሃል። አንተ የደረደርከው በቀን ነው፣ በአንድ ቀን ሰላሳ ማስታወቂያ ከወጣ ሰላሳዎቹም በዳታቤዙ ዓይን እኩል ናቸው። እኩል የሆኑትን በየትኛው ተራ እንደሚሰጥህ ፖስትግሬስ ምንም ቃል አልገባልህም። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሊሰጥህ ይችላል፣ ሊሚቱ ወይም ኦፍሴቱ ሲቀየር የሚመርጠው የአሰራር ፕላን ሊቀየር ይችላል፣ አንድ ረድፍ አፕዴት ሲደረግ ደግሞ ፖስትግሬስ አዲስ ቅጂ ስለሚጽፍ ዲስክ ላይ ያለው ቦታ ራሱ ይቀያየራል። ስለዚ ሃያና ሃያ አንድ ቁጥር ላይ የነበሩት ማስታወቂያዎች በሁለቱ ኩዌሪዎች መሃል ቦታ ከተለዋወጡ አንዱን ሁለቴ ታያለህ፣ አንዱን ደግሞ ጭራሽ አታየውም። ኤስኪውላይት ላይ ያልታየህ እኩል የሆኑትን ብዙ ጊዜ በገቡበት ተራ ስለሚያወጣቸው ነው፣ እሱም ቢሆን ልማድ እንጂ ውል አይደለም።

መፍትሄው አንድ ቃል ነው፣ አይዲ (የእያንዳንዱ ረድፍ መለያ ቁጥር)። ኦርደር_ባዩ ላይ ከቀኑ ቀጥለህ አይዲውን ጨምር፣ ሁለቱንም ከትልቅ ወደ ትንሽ። አይዲ ስለማይደገም እኩል የሚባል ነገር አይኖርም፣ ተራው ቁርጥ ያለ ይሆናል። ጃንጎ ላይ «ኦርደር_ባይ» ውስጥ ቀኑንና አይዲውን ሁለቱንም ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት አድርገህ መጻፍ ነው፣ ወይም ሞዴሉ ሜታ ውስጥ «ኦርደሪንግ» ላይ።

የጃንጎ ሰዎችም እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኩዌሪሴታችሁ ምንም ኦርደር ከሌለው ፔጅኔተሩ «አንኦርደርድ_ኦብጀክት_ሊስት_ዋርኒንግ» የሚባል ማስጠንቀቂያ ተርሚናል ላይ ይጽፋል፣ እባካችሁ አትለፉት። ግን ማስጠንቀቂያው የሚያየው ኦርደር መኖሩን ብቻ ነው፣ ኦርደሩ የማይደጋገም መሆኑን አያይም። በቀን ብቻ ደርድራችሁ ማስጠንቀቂያው ቢጠፋ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፣ እንደውም ያሁኑ ጠያቂያችን ያለው እዛ ነጥብ ላይ ነው።

ሁለት ሌላ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ነገሮች አሉ፣ እንዳታምታታቸው። አንደኛው በብዙ ለብዙ ግንኙነት ፊልተር ስታደርግ ነው፣ ለምሳሌ ሁለት ታግ ከፈለግክና አንዱ ማስታወቂያ ሁለቱም ታግ ካለው ጆይኑ (ሁለቱን ቴብሎች ማገናኘቱ) ሁለት ረድፍ ያወጣል፣ ያኔ ድግግሞሹ አንድ ገጽ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚታየው፣ መድሃኒቱ ድግግሞሹን የሚያስወግደው «ዲስቲንክት» ነው። ሁለተኛው ኦርደሩ ትክክል ሆኖም አንባቢው ገጽ 1 ላይ እያለ አዲስ ማስታወቂያ ከገባ ሁሉም አንድ ደረጃ ወደታች ይገፋሉ፣ የገጽ 1 መጨረሻ የነበረው ገጽ 2 መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ ከላይ አንዱ ሲጠፋ ደግሞ በተቃራኒው አንድ ይዘለላል። ይሄን አይዲ መጨመር አይፈታውም፣ ከታች ስለ ከርሰር የመለስኩትን እይ።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ቴስት ጻፍለት። ሁሉም አንድ አይነት ቀን ያላቸው 45 ማስታወቂያዎች ፍጠር፣ ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየዞርክ አይዲዎቹን ሰብስብ፣ በመጨረሻ 45 መሆናቸውንና አንድም እንዳልተደገመ አረጋግጥ። ቴስቱን ፖስትግሬስ ላይ አስኬደው፣ ኤስኪውላይት ላይ አልፎ ፕሮዳክሽን ላይ ቢወድቅ ምን ዋጋ አለው። ደግሞ አንድ ጊዜ ማለፉም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ እኩል የሆኑት በአጋጣሚ በተራቸው ሊመጡ ይችላሉ፣ ስለዚ ኩዌሪው ራሱ መጨረሻው ላይ አይዲ እንዳለው የሚያይ ቴስትም አብሮ ይኑር።

ጥያቄ፦ ሰርች ሳደርግ መጀመሪያው ገጽ ላይ ውጤቱ ትክክል ነው፣ «ቀጣይ» የሚለውን ስጫን ግን ሰርቹ ይጠፋና ሁሉም ጽሁፍ ይመጣል። ጃንጎ ነው፣ ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ ይሄ ቀላል ነው። ሊንክሽ ላይ የጻፍሽው የጥያቄ ምልክትና የገጹን ቁጥር ብቻ ነው አይደል? ብሮውዘሩ እንደዛ አይነት ሊንክ ሲያገኝ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን በሙሉ ጥሎ ባዲሱ ይተካዋል፣ የሰርች ቃልሽም አብሮ ይሄዳል። ጃንጎ 5.1ና ከዛ በላይ ከሆነ «ኩዌሪስትሪንግ» የሚባል የቴምፕሌት ታግ አለ፣ ገጹን ብቻ ቀይሮ ሌላውን እንዳለ ይይዝልሻል። የቆየ ቨርዥን ላይ ከሆንሽ ቪው ውስጥ የ«ሪኩዌስት.ጌት»ን ኮፒ ወስደሽ፣ «ፔጅ» የሚለውን ከውስጡ አውጥተሽ፣ የቀረውን በ«ዩአርኤልኢንኮድ» ወደ ጽሁፍ ቀይረሽ ለቴምፕሌቱ ላኪው፣ ሊንኩ ላይ ከገጽ ቁጥሩ ጋር ትቀጥይዋለሽ። ኮፒ ውሰጂ ያልኩሽ ዋናው አይነካም፣ ለመቀየር ስትሞክሪ ኤረር ይሰጥሻል። የሰርች ፎርምሽ ደግሞ በጌት እንጂ በፖስት አይሁን፣ ፎርሙ ውስጥም የገጽ ቁጥር አታስገቢ፣ አዲስ ሰርች ሁሌም ከገጽ 1 መጀመር አለበት፣ አለዚያ ሶስት ውጤት ብቻ ያለው ሰርች ገጽ 7 ላይ ተከፍቶ ባዶ ወይም 404 ይሆንብሻል።

ጥያቄ፦ የሎግ መዝገብ የሚያሳይ አፕ አለን፣ ሚሊዮኖች ረድፍ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ቶሎ ይከፈታሉ ወደ መጨረሻ ገጾች ሲኬድ ግን ሰኮንዶች ይወስዳል፣ አንዳንዴም ታይምአውት ያደርጋል። ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን የዳታቤዝ ማውጫ) አለው። ሰርቨር ማሳደግ ነው መፍትሄው?

መልስ፦ ሰርቨር ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ። ጥፋቱ ያለው ኦፍሴት ላይ ነው። ሰው 20 በገጽ አድርጎ ገጽ 5000 ሲጠይቅ ኦፍሴቱ 99,980 ይሆናል። ዳታቤዙ በቀጥታ እዛ ቦታ ላይ መዝለል አይችልም፣ 99,980 ረድፍ በተራ እያወጣ እየጣለ ሄዶ ነው ሃያዋን የሚሰጥህ። ሰልፍ ላይ ያለን ሰው ለማግኘት በየጊዜው ከፊት ጀምሮ እንደመቁጠር ነው። ኢንዴክሱ ድርደራውን ያስቀርልሃል፣ ቆጠራውን ግን አያስቀርም። ለዛ ነው ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር የሚከብደው።

ሁለተኛው ወጪ ቆጠራው ነው። ፔጅኔተሩ «ገጽ 3 ከ 60,000» ለማለት በየጊዜው ጠቅላላውን ያስቆጥራል፣ ፖስትግሬስ ደግሞ የቴብሉን ብዛት የሆነ ቦታ ጽፎ አይዝም፣ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የሚያየው ረድፍ ሊለያይ ስለሚችል ሄዶ መቁጠር አለበት። አንዳንዴ እንደውም ዋናው ዳታ በሚሊሰኮንድ ደርሶ የሚጠበቀው ቆጠራው ብቻ ነው። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩት፣ ጊዜው የት እንደሚሄድ የሚያሳየውን «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ሁለቱም ኩዌሪ ላይ አስኪዱ።

ለሎግ አይነት ነገር ትክክለኛው መንገድ በከርሰር መሄድ ነው፣ ኪሴት የሚሉትም አሉ። ሀሳቡ «ስንት ልዝለል» ማለቱን ትተህ «ከዚህ በኋላ ያሉትን ስጠኝ» ማለት ነው። አንባቢው ያየውን የመጨረሻ ረድፍ ሰዓትና አይዲ ትይዛለህ፣ ቀጣዩ ኩዌሪ «ሰዓቱና አይዲው ከነዚህ የሚያንሱትን በዚሁ ተራ 20 ስጠኝ» ይላል። በሁለቱ ላይ አንድ ላይ የተሰራ ኢንዴክስ ካለ ዳታቤዙ ቀጥታ ቦታው ላይ ያርፋል፣ ገጽ 2 ይሁን ገጽ 5000 ፍጥነቱ ያው ነው። ከላይ ደግሞ ስንት አዲስ ሎግ ቢገባ አንባቢው ያለበት ቦታ አይገፋም፣ ስለዚ ቅድም ለፍላስኩ ወንድማችን ያልኩት የመገፋት ችግርም አብሮ ይፈታል።

ፖስትግሬስ ላይ ሁለቱን ባንድ ቅንፍ አድርጎ ማወዳደር ይቻላል። በጃንጎ ኦአርኤም (ዳታቤዙን በፓይተን ኮድ መጠየቂያው) ደግሞ በ«ኪው» ትጽፈዋለህ፣ ወይ ሰዓቱ ያንሳል፣ ወይ ሰዓቱ እኩል ሆኖ አይዲው ያንሳል። ሁለተኛውን ግማሽ የሚረሳ ብዙ ነው፣ በሰዓት ብቻ ካወዳደርክ በአንድ ቅጽበት ከገቡት ሎጎች ገጹ ላይ ያልደረሱት ለዘላለም ይዘለላሉ። ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ሰዓቱን ወደ ዩአርኤል ስታስገባ እስከ ሰኮንድ ብቻ ከጻፍከው ማይክሮሰኮንዱ ይቆረጥና ማወዳደሩ ይዛባል፣ በዝምታ ረድፎች ይጠፋሉ። «አይሶፎርማት» ተጠቅመህ ሙሉውን አስቀምጠው። ሰዓቱ ባዶ የሚሆን ረድፍ ካለም ማወዳደር ውስጥ አይገባም፣ ስለዚ ኮለሙ ባዶ እንዳይፈቅድ አድርጉ።

ቀጣይ ገጽ መኖሩን ለማወቅ ቆጠራ አያስፈልግም፣ 20 የምታሳይ ከሆነ 21 ጠይቅ፣ ሃያ አንደኛው ከመጣ «ቀጣይ» የሚለውን አሳይ፣ እሱን ግን ለሰው አታሳየው። ወደኋላ ለመመለስ ደግሞ ተራውንም ማወዳደሩንም ገልብጠህ ትጠይቅና የመጣልህን ዝርዝር ፓይተን ውስጥ መልሰህ ትገለብጠዋለህ።

የምታጡት ነገር አለ፣ ቁጥር። «ገጽ 4213 ሂድ» ማለት አይቻልም። ግን እውነት እንነጋገር፣ ሎግ ውስጥ ገጽ 4213ን በቁጥር የሚፈልግ ሰው ማነው? የሚፈልገው «ትናንት ከሰዓት በኋላ የሆነውን» ነው። ስለዚ የቀንና የሰዓት ፊልተር ስጡት፣ ከቁጥሩ በጣም የተሻለ ነው የሚጠቅመው። አለቆቻችሁ ቁጥሩን የግድ ካሉ ወደ ውስጥ የሚኬድበትን ርቀት ገድቡ፣ ቆጠራውንም የፔጅኔተሩን ክላስ ወርሳችሁ «ካውንት» የሚለውን በመቀየር ለተወሰነ ጊዜ ካሽ አድርጉት (ውጤቱን አስቀምጣችሁ ደግማችሁ ተጠቀሙበት)፣ ወይም ፊልተር በሌለበት ጊዜ ፖስትግሬስ ራሱ «ፒጂ_ክላስ» ውስጥ የሚይዘውን ግምት አሳዩ። ግምት መሆኑን ግን ገጹ ላይ ጻፉ፣ ለምሳሌ «ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ»።

ጥያቄ፦ በፋስትኤፒአይ ለሞባይል አፕ ዳታ እናቀርባለን፣ ፔጅኔሽን አለው። የሞባይል ልጆች ግን «ሳይዝ»ን 100000 አድርገው ሁሉንም ባንዴ ያወርዱታል። እንዴት ልከልክላቸው?

መልስ፦ እነሱን ከመከልከል ኤፒአዩ (አፑ ዳታ የሚጠይቅበት በር) ራሱ እንዳይፈቅድ አድርገው፣ በሩ ክፍት ከሆነ የሆነ ሰው መግባቱ አይቀርም። ፋስትኤፒአይ ላይ ፓራሜትሩን በ«ኩዌሪ» ስታውጅ «ጂኢ=1» እና «ኤልኢ=100» (ከ1 እስከ 100 ማለት ነው) ስጠው፣ ከዛ ውጪ የመጣውን ያለ ተጨማሪ ኮድ በ422 ኤረር ይመልሰዋል፣ ዶክመንቴሽኑም ላይ ይታይላቸዋል። ፍላስክ-ኤስኪውኤልአልኬሚ ላይ «ፔጂኔት» ሳትነግረው በገጽ 20፣ ቢበዛ ደግሞ 100 ነው የሚሰጠው፣ ጥሩ ነው። ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ (በጃንጎ ኤፒአይ መስሪያው) ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ «ሊሚት_ኦፍሴት» የሚባለውን ስትጠቀሙ «ማክስ_ሊሚት» ካልሞላችሁ ጣሪያ የለውም፣ የገጽ ቁጥሩም አይነት ላይ ደንበኛው መጠን እንዲመርጥ ከፈቀዳችሁ «ማክስ_ፔጅ_ሳይዝ» እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። እዛው ላይ የከርሰር አይነቱን የምትሞክሩ ደግሞ ሳትነግሩት የሚደረድረው «ክሪኤትድ» በሚባል ፊልድ ነው፣ የናንተ ሞዴል ላይ ስሙ ሌላ ከሆነ ኤረር ይመጣል፣ «ኦርደሪንግ» ብላችሁ ንገሩት።

ደግሞ ልጆቹን ጠይቃቸው፣ ለምንድነው ሁሉንም የሚያወርዱት? ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ሰርች ለማድረግ ነው፣ ወይም ከመጨረሻ ጊዜ ወዲህ የተቀየረውን ለማወቅ። ለመጀመሪያው ኤፒአዩ ላይ ሰርች ክፈትላቸው፣ ለሁለተኛው «ከዚህ ሰዓት በኋላ የተቀየሩትን» የሚል ፓራሜትር ስጣቸው። ፍላጎታቸው ሳይሞላ ጣሪያውን ብቻ ብትጥል ሺህ ገጽ እየደጋገሙ ይጠሩሃል፣ እሱ ደግሞ ባሰ።

ጥያቄ፦ የገጽ ቁጥር አሮጌ ስታይል ነው፣ ወደታች ሲስክሮል ራሱ እየጫነ ይቀጥል ብለውኛል። እኔ ደግሞ ቁጥሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሰው ምን ሊያደርግ እንደመጣ ነው የሚወስነው። ዝም ብሎ ለማየት፣ ለመዝናናት ከሆነ ስክሮሉ ያስኬዳል። የሆነ ነገር ሊፈልግ፣ ሊያወዳድር፣ ቅድም ያየውን ተመልሶ ሊያገኝ ከሆነ ግን እኔ ካንተ ጋር ነኝ፣ ገጽ ይሻላል። ስክሮል ላይ አንዱን ከፍቶ «ተመለስ» ሲል ወደ ላይ አናቱ ላይ ይጥለዋል (በደንብ ካልተሰራ)፣ እግርጌው ላይ ያሉት ሊንኮችም ሊደረስባቸው ሲል እየሸሹ ይሄዳሉ፣ በኪቦርድና በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰውማ ጭራሽ መውጫ ያጣል። ይሄ የኋለኛው ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሰውን በር ላይ መመለስ ነው።

መሃል ላይ የሚያስማማችሁ ነገር ግን አለ፣ «ተጨማሪ አሳይ» የሚል ባተን። ባተኑን እውነተኛ ሊንክ አድርገው፣ አድራሻው ገጽ 2ን የሚከፍት ይሁን፣ ጃቫስክሪፕት ካለ ሊንኩን ይጥለፍና ቀጣዩን ሃያ ከታች ይጨምር፣ ከሌለ ደግሞ ተራ ገጽ ሆኖ ይከፈት። ቪውህ ያው አንድ ቪው ነው የሚሆነው፣ ሙሉ ገጽ ወይም የዝርዝሩን ቁራጭ ብቻ መመለሱ ነው የሚለየው። ጎግልም ቢሆን ባተን አይጫንም ወደታችም አይስክሮልም፣ የሚከተለው ሊንክ ነው፣ ስለዚ በዚህ መንገድ ወደ ውስጥ ያሉት ጽሁፎችህ ይገኛሉ። «ቀጣይ»ና «ቀዳሚ» የሚሉትን የ«ሪል» (የገጾችን ዝምድና መንገሪያ) ምልክቶች ሄድ (የኤችቲኤምኤሉ ራስጌ) ውስጥ ለጎግል ብለህ ከሆነ የምትጨምራቸው፣ እንደማይጠቀምባቸው በ2019 ራሱ ተናግሯል። ብዙ ሰው ደግሞ ሁሉንም ገጾች በካኖኒካል (ዋናው አድራሻ ይሄ ነው በሚለው ምልክት) ወደ ገጽ 1 ይጠቁማቸዋል፣ እንደዛ አታድርግ፣ ገጽ 2 ካኖኒካሉ ራሱ ገጽ 2 ነው። ቁጥሮቹን ካስቀረሃቸውም «ናቭ» ውስጥ አስገባቸውና ያለህበት ገጽ ላይ «ኤሪያ-ከረንት»ን «ፔጅ» ብለህ ሙላው፣ ስክሪን ሪደሩ የቱ ላይ እንዳለ ለሰውየው ይነግረዋል።